የተቆረጠው ታክስ ይመለሳል፤ ለጠየቀ ብቻ

በእኛ አቆጣጠር የ2017ን ፋሲካ ያሳለፍነው አክስቴ ቤት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የአክስቴ ልጅ ከክፍሏ አራት ፖስታ ይዛ ወጣችና ፊቴ አስቀመጠቻቸው። «እስቲ እያቸው፤ ልጣላቸው ወይስ ይቀመጡ?» አለችኝ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2021፣ የ2022፣ የ2023 እና የ2024 ደብሊው-2 ናቸው። ደብሊው-2 አሠሪ በየዓመቱ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ለሠራተኛው የሚልከው ወረቀት ነው። ምን ያህል እንደከፈለውና ምን ያህል እንደቆረጠበት የሚያሳይ። ልጅቷ ተማሪ ናት። በሰመር ትሠራለች፤ ትምህርት ሲኖርም አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ትገባለች። ከአራቱ ዓመት ለአንዱም ታክስ ፋይል አላደረገችም፤ ማለትም የዓመቱን ገቢዋንና ታክሷን አስልታ ለመንግሥት አላሳወቀችም።

ለምን ብዬ ስጠይቅ አክስቴ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና መለሰችልኝ። «ልጄ፣ ተማሪ ናት። ገቢዋ ትንሽ ስለሆነ ፋይል ማድረግ የለባትም ተብለናል። ደግሞስ የተቆረጠ ተቆረጠ፤ መንግሥት የወሰደውን መቼ ይመልሳል?»

ቀኑ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ነበር። የ2021 ታክስን ማስመለስ የሚቻለው እስከ ኤፕሪል 15 ነበር። በአምስት ቀን አመለጣት። ወረቀቱ ላይ የፌዴራል ታክስ ተብሎ የተቆረጠባት 318 ዶላር ነው። ለአንዳንድ ሰው ብዙ ላይሆን ይችላል። ያኔ በሰዓት 14 ዶላር ታገኝ ለነበረች ልጅ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቆሞ መዋል ነው።

አክስቴ የተናገረችው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ገቢዋ ትንሽ ስለሆነ ፋይል የማድረግ ግዴታ አልነበረባትም። ሁለተኛው ስህተት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚቀረው የመጀመሪያው እውነት ሁለተኛውን ስህተት ስለሚሸፍነው ነው። ግዴታ የለብህም ማለት መብት የለህም ማለት አይደለም። ሕጉ ፋይል አድርግ ብሎ የማያስገድደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠበት ሙሉ በሙሉ የሚመለስለት ሰው ነው።

የአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ የአይአርኤስ ቁጥር የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2025 መጀመሪያ ላይ እንዳስታወቀው፣ ለ2021 ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ያልጠየቁት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሪፈንድ፣ ማለትም ተመላሽ ታክስ ነበር። መካከለኛው ሰው ይደርሰው የነበረው 781 ዶላር ነው። አይአርኤስ በተለያዩ ዓመታት ይህን ማሳሰቢያ ሲያወጣ ተማሪዎችንና ፓርት ታይም የሚሠሩትን ለይቶ ይጠቅሳል። ጊዜው ሲያልፍ ገንዘቡ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ይሆናል። ይግባኝ የለውም።

«የተቆረጠ ተቆረጠ» ከየት መጣ?

አክስቴን አልወቅሳትም። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት በደመወዝ የኖረች ሰው ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ የደመወዝ ግብር የሚሰላው በወር ነው። አሠሪው የወሩን ደመወዝ ያያል፣ በሠንጠረዡ መሠረት ይቆርጣል፣ ለመንግሥት ያስገባል። በቃ። አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ተቀጣሪ በዓመቱ መጨረሻ ግብር ማሳወቅ አይጠበቅበትም። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢም በወር ነው የሚለካው። ለዓመታት 600 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆኗል። በዚያ አሠራር ውስጥ «የተቆረጠ ተቆረጠ» ትክክለኛ አነጋገር ነው። ወሩ ሲዘጋ ሒሳቡም ይዘጋል።

አሜሪካ ሒሳቡ የሚዘጋው በዓመት ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከፔይቼክ ላይ የሚቆረጠው የመጨረሻው ታክስ አይደለም፤ ግምት ነው። እውነተኛው ታክስ የሚታወቀው ዓመቱ አልቆ ፋይል ሲደረግ ነው። ግምቱ ከበለጠ ልዩነቱ ይመለሳል፤ ካነሰ ሰውየው ይከፍላል። አገር ቤት ደመወዝተኛ ሆኖ የኖረ ወላጅ ይህን በራሱ እንዲገምት መጠበቅ አግባብ አይደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስረዳው ይገባል።

ግምቱ ለተማሪ ለምን ይበዛል?

በቁጥር እንየው። አንድ ተማሪ በ2025 ሰመር አሥር ሳምንት ሠራ እንበል። በሰዓት 18 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት። በሳምንት 720 ዶላር ማለት ነው። የአሠሪው የደመወዝ ሲስተም ይህ ልጅ በኦገስት መጨረሻ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመለስ አያውቅም። 720ን በ52 ሳምንት ያባዛዋል፤ በዓመት 37,440 ዶላር የሚያገኝ ሰው አድርጎ ያየዋል። በዚያ ገቢ ልክ ታክሱን አስልቶ መልሶ ለ52 ያካፍለዋል። ውጤቱ በሳምንት 47 ዶላር ገደማ ነው። በአሥር ሳምንት 472 ዶላር ይቆረጥበታል።

ልጁ በዓመቱ በእውነት ያገኘው ግን 7,200 ዶላር ብቻ ነው። ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለው፣ ማለትም ታክስ የማይነካው የገቢ መጠን፣ ላላገባ ሰው በ2025 15,750 ዶላር ነው። 7,200 ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ የፌዴራል ታክሱ ዜሮ ነው። 472ቱ ዶላር በሙሉ የእሱ ነው።

እዚህ ላይ የ2025 ዓመት የተለየ ነገር አለው። ዓመቱ ሲጀምር ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ 15,000 ዶላር ነበር። በጁላይ የወጣው ሕግ ወደ 15,750 ከፍ አደረገው። አይአርኤስ ግን አሠሪዎች የሚቆርጡበትን ሠንጠረዥ በዓመቱ አጋማሽ አልቀየረም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአሮጌው ሒሳብ ተቆረጠ። ያው ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ድረስ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ የቲፕ ገቢ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ፈቅዷል። በ2025 ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ሆነው የሠሩ ልጆች ከቲፓቸው ላይ እንደ ወትሮው ሲቆረጥባቸው ነው የከረመው። ገቢያቸው ከ15,750 በላይ ለሆነ ተማሪዎች ይህ እውነተኛ ገንዘብ ነው። የሚያገኙት ግን ፋይል አድርገው ሲጠይቁ ብቻ ነው።

የማይመለሰውንም አብሮ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ያዝናል። ፔይቼኩ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ሜዲኬር 1.45 በመቶ ይቆረጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 7.65 በመቶ ይሆናሉ። በምሳሌያችን ላይ ያለው ልጅ 550 ዶላር ገደማ በዚህ ሄዶበታል። ይህ የጡረታና የጤና መዋጮ ነው እንጂ የገቢ ታክስ አይደለም። ገቢ ቢያንስም ባያንስም አይመለስም። ልዩነት የሚኖረው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ፣ እየተማረ እዚያው ለራሱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተማሪ ነው፤ ከመጀመሪያውም ሊቆረጥበት አይገባም። ሁለተኛው ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የመጣው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ደብሊው-2 እጃችሁ ላይ ካለ ሳጥን 2ን ተመልከቱ። የፌዴራል የገቢ ታክስ እዚያ ነው የተጻፈው። ሳጥን 17 የስቴት ነው። ሳጥን 4 እና 6 የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ናቸው። ሳጥን 2 ላይ ዜሮ ካልሆነና የዓመቱ ገቢ ከስታንዳርድ ዲዳክሽን በታች ከሆነ፣ የሚጠብቃችሁ ገንዘብ አለ ማለት ነው።

ሁሉም ተማሪ ይመለስለታል ማለትም አይደለም። ሁለት ሥራ ላይ የሚሠራ ልጅ ሊከፍል ይችላል። እያንዳንዱ አሠሪ ሙሉውን ስታንዳርድ ዲዳክሽን እሱ ብቻ የሚጠቀምበት እየመሰለው ይቆርጣል። ከሁለት ቦታ 14,000፣ 14,000 ዶላር ያገኘ ልጅ ሁለቱም ጋ ምንም አይቆረጥበትም ይሆናል። ሲደመር ግን 28,000 ነው፤ በኤፕሪል ከ1,200 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ምግብ በመኪና የሚያደርሱትም የሚከፈላቸው እንደ ግል ሠራተኛ ነው፤ የሚደርሳቸው ወረቀትም ደብሊው-2 ሳይሆን 1099 ነው። ምንም ስላልተቆረጠባቸው የሚመለስ ነገር የለም። ይልቁንስ የተጣራ ገቢያቸው 400 ዶላር ከደረሰ ፋይል የማድረግ ግዴታ አለባቸው።

የወላጅ ፍርሃት

አክስቴን የያዛት ሌላም ነገር ነበር። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። «እሷ ለብቻዋ ፋይል ካደረገች እኔ እሷን ማስገባት አልችልም አይደል? የእኔ ይበላሻል።»

ይህን ፍርሃት ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። መሠረት የለውም አልልም፤ ስህተት ከተሠራ በእርግጥ ይበላሻል። ግን በትክክል ከተሠራ ልጅም ታክሷን ታስመልሳለች፣ ወላጅም ልጇን ዲፔንደንት፣ ማለትም በሥሯ የምትተዳደር ሰው አድርጋ ታስገባለች። ሁለቱ አይጋጩም።

ዕድሜዋ ከ24 በታች የሆነች፣ በዓመቱ ቢያንስ አምስት ወር ሙሉ ጊዜ የተማረች፣ ከመኖሪያ ወጪዋ ከግማሽ በላዩን ራሷ ያልቻለችና ከወላጇ ጋር የምትኖር ልጅ ዲፔንደንት ልትሆን ትችላለች። ዶርም መኖር ጊዜያዊ መለየት ተደርጎ ስለሚቆጠር እንደ ቤት መኖር ነው። ልጅቷ ፋይል ስታደርግ «ሌላ ሰው እኔን ዲፔንደንት አድርጎ ሊያስገባኝ ይችላል» የሚለውን ቦታ ምልክት ታደርጋለች። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች ምልክት ላይ ነው። ምልክቷ ተደርጎም ከደመወዝ ላይ የተቆረጠባት ይመለስላታል። የዲፔንደንት ስታንዳርድ ዲዳክሽን ሠርታ ባገኘችው ልክ ስለሚሄድ የሰመር ደመወዟን ይሸፍነዋል።

ጉዳቱ የሚመጣው ልጅቷ በስልኳ በአሥር ደቂቃ ፋይል አድርጋ ያችን ምልክት ስትዘላት ነው። ያኔ የእናትየው ፋይል ተቀባይነት ያጣል ወይም ከአይአርኤስ ደብዳቤ ይመጣል። እናት የምታጣው ቀላል አይደለም። ኮሌጅ ላለ ዲፔንደንት 500 ዶላር ክሬዲት፣ ማለትም ከታክሱ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ አለ። ለትምህርት ክፍያ ደግሞ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ ክሬዲት አለ፤ ኮሌጁ በሚልከው 1098-ቲ በሚባል የክፍያ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ የሚጠየቅ። ይህን የሚወስደው ልጅቷን ዲፔንደንት ያደረገው ሰው ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ ፋይል ከማድረጋቸው በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ጥሩ ነው። የተሳሳተም ካለ በፎርም 1040-ኤክስ ይታረማል።

ድንበር ተሻግሮ መሥራት

የአክስቴ ልጅ የ2022 ደብሊው-2 ሌላ ነገር ነበረው። ያን ሰመር የሠራችው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሬስቶራንት ነው። በቀይ መስመር ባቡር ትሄዳለች፣ ማታ ሜሪላንድ ትመለሳለች። ሳጥን 17 ላይ የዲሲ ታክስ ተቆርጦባታል።

እኛ አካባቢ ይህ የተለመደ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ሜሪላንድ ይሠራል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ዲሲ ይሠራል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን በዚህ ጉዳይ የተለየ አሠራር አላቸው። የገቢ ታክስ የሚከፈለው ለሚኖሩበት እንጂ ለሚሠሩበት አይደለም። ዲሲ ነዋሪዋ ባልሆነ ሰው ደመወዝ ላይ ታክስ መጣል በሕግ አትችልም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም አንዱ የሌላውን ነዋሪ ደመወዝ ላለመንካት ተስማምተዋል። አሠሪው በስህተት ወይም ሠራተኛው ሲቀጠር ትክክለኛውን ፎርም ስላልሞላ ከቆረጠ ያ ገንዘብ ይመለሳል። ለዲሲ ዲ-40ቢ፣ ለቨርጂኒያ 763ኤስ፣ ለሜሪላንድ 505 በሚባሉ ፎርሞች ይጠየቃል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዲሲ ከመለሰች በኋላ ሜሪላንድ የራሷን ትጠይቃለች፤ ምክንያቱም ያ ገቢ የእሷ ነዋሪ ገቢ ነው። ገቢው ከፍ ያለ ሰው ከዲሲ የተመለሰለትን ለሜሪላንድ ሊከፍል ይችላል። የአክስቴ ልጅ ግን በዚያ ዓመት ያገኘችው ትንሽ ስለነበር ለሜሪላንድ የምትከፍለው አልነበረም። ዲሲ የያዘባት 141 ዶላር ንጹህ የእሷ ነበር።

ዳላስ፣ ሲያትል ወይም ላስ ቬጋስ ያላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት። ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኔቫዳ ከደመወዝ ላይ የስቴት የገቢ ታክስ አይቆርጡም።

በኤፍ-1 የመጡ ልጆች

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለትምህርት የመጣ ልጅ ጉዳይ ከላይ ካልኩት በጣም ይለያል። እዚህ ላይ የጓደኛን ምክር መከተል አደገኛ ነው።

የኤፍ-1 ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት የፈረንጅ ዓመታት ለታክስ ሲባል ነዋሪ ተደርጎ አይቆጠርም። አቆጣጠሩ የመጣበትን ዓመትም ያካትታል። በኦገስት 2021 የገባ ልጅ 2021 አንድ ሙሉ ዓመት ሆኖ ተቆጥሮበት እስከ 2025 መጨረሻ ነዋሪ ያልሆነ ነው። የሚሞላው ዜጎችና ነዋሪዎች የሚሞሉትን ፎርም 1040 ሳይሆን 1040-ኤንአር ነው። ምንም ገቢ ባይኖረውም ፎርም 8843 ያስገባል። ትልቁ ልዩነት ስታንዳርድ ዲዳክሽን አለማግኘቱ ነው። የሕንድ ተማሪዎች አገራቸው ከአሜሪካ ጋር ባላት የታክስ ስምምነት ምክንያት ያገኛሉ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ስምምነት ከአሜሪካ ጋር የላትም። ስለዚህ የእኛ ልጅ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ 10 በመቶ ይከፍላል።

ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ታዋቂ የታክስ አፕ ከፍተው እንደ ዜጋ 1040 ይሞላሉ። አፑ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን ሰጥቶ ሙሉውን ይመልስላቸዋል። ደስ ይላል። ግን የማይገባቸው ገንዘብ ነው። በኋላ ቪዛ ሲቀይሩ ወይም ግሪን ካርድ ሲጠይቁ ያ ፋይል ይከተላቸዋል። ይህን ያደረገ ልጅ ካለ ሳይጠየቅ በፊት ቢያርመው ይሻለዋል። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አላቸው። እዚያ ሄዶ መጠየቅ ነው።

በሌላ በኩል ለኤፍ-1 ተማሪ በሕግ የሚገባውና ብዙዎች የማያውቁት ገንዘብ አለ። በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ሊቆረጥበት አይገባም። ካምፓስ ውስጥ ሲሠራ ዩኒቨርሲቲው ይህን ስለሚያውቅ አይቆርጥም። ችግሩ የሚመጣው ተመርቆ፣ ኦፒቲ በሚባለው ለኤፍ-1 ተማሪ በሚሰጥ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ፣ ከካምፓስ ውጭ ሥራ ሲይዝ ነው። ትንሽ ኩባንያ ከሆነ ሒሳብ ክፍሉ ስለ ኤፍ-1 ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይቆርጣል። በዓመት 50,000 ዶላር ለሚያገኝ ልጅ 7.65 በመቶ ማለት 3,825 ዶላር ነው። መጀመሪያ አሠሪውን እንዲመልስ መጠየቅ ነው። እምቢ ካለ ፎርም 843ን ከ8316 ጋር ሞልቶ፣ የደብሊው-2፣ የቪዛና ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን የአይ-20 ኮፒ አያይዞ ለአይአርኤስ መላክ ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል። ግን መብት ነው።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ግሪን ካርድ የመጡ ተማሪዎች በዚህ ክፍል ውስጥ አይደሉም። እነሱ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ናቸው።

ለምን ራሱ አይልክልንም?

አይአርኤስ የእያንዳንዱ ደብሊው-2 ኮፒ አለው። ታዲያ የአክስቴ ልጅ 318 ዶላር እንደተረፋት እያወቀ ለምን ዝም አለ? ሌላ ቦታ እኮ ዝም አይባልም። እንግሊዝ አገር የታክስ ዓመቱ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሒሳቡን አስታርቆ፣ ተርፎ የተቆረጠበት ካለ ፒ800 የሚባል ደብዳቤ ይልክለታል። ደብዳቤው ያልደረሰውም አራት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ መጠየቅ ይችላል። ጀርመንም አራት ዓመት ትሰጣለች። እስራኤል ውስጥ በሰመርና በበዓል የሠሩ ልጆቻችን ስድስት ዓመት ወደ ኋላ መጠየቅ ይችላሉ።

የአሜሪካ መልስ፣ መንግሥት ሰውየው ያገባ ይሁን አያግባ፣ ዲፔንደንት ይሁን አይሁን አያውቅም የሚል ነው። ለቤተሰብ ይህ ያስኬዳል። አንድ ደብሊው-2 ብቻ ላለው፣ 6,000 ዶላር ላገኘ የ19 ዓመት ልጅ ግን አያስኬድም። ማግባቱም ዲፔንደንት መሆኑም ታክሱ ዜሮ መሆኑን አይለውጠውም። ይህን ሸክም ከተማሪው ላይ ማውረድ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። እንዲያውም በተቃራኒው ተሄደ። ዳይሬክት ፋይል የሚባለው የመንግሥት የራሱ ነፃ ፋይል ማድረጊያ በ2024 እና በ2025 ሠርቶ ለ2026 ተቋረጠ። ለቀላል ደብሊው-2 እንደ እሱ የሚሆን አልነበረም።

አሁንም ግን ገንዘብ ሳይከፍሉ ማሠራት ይቻላል። ቪታ የሚባለው ፕሮግራም በአይአርኤስ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በቤተ መጻሕፍት፣ በኮሚኒቲ ኮሌጅና በመሳሰሉት ቦታዎች በነፃ የሚሠሩበት ነው። በ2025 ወቅት የገቢ ጣሪያው በጥቅሉ 67,000 ዶላር ነበር። ተማሪ በቀላሉ ይገባል። በግል የሚያሠራ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይመልከት። የሚሞላለት ሰው ፎርሙ ላይ ስሙንና አይአርኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠውን ፒቲን ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል ወይ? ሪፈንዱ የሚገባው በማን ባንክ ነው? «ከሚመለስልህ ይህን ያህል በመቶ እወስዳለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሡና ውጡ። የተማሪ ፎርም ሁለት ገጽ ናት። ለእሷ ብሎ ከ400 ዶላር ላይ 150 መስጠት ግፍ ነው። የራስ ባንክ አካውንት መኖሩም ያስፈልጋል፤ ከሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ጀምሮ አይአርኤስ ሪፈንድን በወረቀት ቼክ መላክ እያስቀረ ነው።

ሦስት ዓመት

ሪፈንድ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። የ2022 መጨረሻ ቀኑ ኤፕሪል 15 ቀን 2026። የ2023 ኤፕሪል 15 ቀን 2027። ዘግይቶ ፋይል ማድረግ ቅጣት አለው ብሎ የሚፈራ ሰው አለ። የፌዴራል ቅጣቱ የሚሰላው ካልተከፈለ ታክስ ላይ ነው። የሚመለስለት ሰው ያልከፈለው ታክስ ስለሌለ ቅጣት የለበትም። ደብሊው-2 የጠፋበትም አይቸገር። አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ የዓመቱን የደመወዝ መረጃ በነፃ ማውጣት ይቻላል። የጠፋውን ደብሊው-2 የሚተካ ፎርም 4852ም አለ።

ያን የፋሲካ ሰሞን ሦስቱን ዓመታት ሠራን። የ2022 ፌዴራል 264 ዶላር፣ የዲሲው 141፣ የ2023 ፌዴራል 402፣ የ2024 ፌዴራል 387። በድምሩ 1,194 ዶላር። የአክስቴን ፋይል አልነካነውም። ልጅቷ ያችን ምልክት በሦስቱም ላይ ስታደርግ አክስቴ ከኋላዋ ቆማ ታይ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ በቀጣዩ ሰመር የመጀመሪያ ሥራውን ጀመረ። አሠሪው ደብሊው-4፣ ማለትም ታክሱ እንዴት እንደሚቆረጥ የሚወስነውን ፎርም ሲሰጠው ወደ እኔ አልደወለም፤ እሷ ናት አብራው የሞላችው። አምና ምንም ታክስ አልነበረበትም፣ ዘንድሮም እንደማይኖርበት ያውቃል። ሁለቱ ከተሟሉ ተቀጣሪው ፎርሙ ላይ ከታክስ ነፃ መሆኑን ማሳወቅ ይችላል። ያኔ የፌዴራል የገቢ ታክስ ከመጀመሪያውም አይቆረጥበትም፤ የሚያስመልሰውም አይኖርም። ይህ የሚያገለግለው እስከ ቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ አጋማሽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እዚያው የሚሠራ ከሆነ እንደገና ይሞላል። ቀኑን ስልኩ ላይ አስመዝግባዋለች።